አውቶቡሱ የት ያቆማል?

ስግድ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስልኬ ዕረፍት አያገኝም። የሚደውሉት አክስቶቼ፣ የአክስቶቼ ጎረቤቶች፣ አንዳንዴም ጨርሶ የማላውቃቸው እናቶች ናቸው። ስለ ጸሎቱ አይጠይቁኝም፤ ጸሎቱን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የሚጠይቁኝ ሌላ ነው። አውቶቡሱ የት ያቆማል? ከዚያ እስከ ቄሶቹ ድረስ ምን ያህል ያስኬዳል? ቁልቁለት ነው ወይስ ደረጃ? ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው? ስንመለስስ ከዚያ ሁሉ አውቶቡስ መሀል የእኛን በምን እንለየዋለን? ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት የመጀመሪያዋ እኔ ስለሆንኩ መልሱን ሁሉ የማውቅ ይመስላቸዋል። የምማረው ሶሻል ወርክ መሆኑ ደግሞ እምነታቸውን አጽንቶታል።

እነዚህ ጥያቄዎች የአሮጊት ጭንቀት ተብለው ሲታለፉ ስሰማ አይዋጥልኝም። ብዙ ሕዝብ ለሚሰበሰብበት በዓል የጸጥታና የደኅንነት ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው በእነዚሁ ጥያቄዎች ነው። ሰው በየት ይገባል፣ የት ይቆማል፣ በየት ይወጣል፣ ችግር ቢነሳ ለመውጣት ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ባለሙያው የሚጠይቀው በኮምፒዩተር ካርታ ላይ ነው፣ አክስቴ የምትጠይቀው በስልክ ነው፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። እኔ የምለው ሁለቱ መገናኘት አለባቸው ነው። የስግድ የደኅንነት ካርታ ሲሠራ የእኛ ሰዎች ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ የሚያገናኛቸው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን እኛ ተማሪዎች ነን።

ቴክኖሎጂው ራሱ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ጂ አይ ኤስ የሚባለው የካርታ ሥርዓት ዋና ሥራው አንዱን ካርታ በሌላው ላይ መደረብ ነው። ከሥር መሬቱ አለ፤ ከፍታው፣ ቁልቁለቱ፣ መንገዱ። በላዩ ላይ አጥሩ፣ በሩ፣ መድረኩና ድንኳኑ ይደረባል። ከዚያ አምቡላንስ የሚቆምበት፣ ውኃ የሚታደልበት፣ ፖሊስ የሚቆምበት፣ ካሜራ የሚያየውና የማያየው ቦታ። በመጨረሻ ሰዓት ይደረባል፤ ጠዋት ባዶ የነበረው ሜዳ እኩለ ቀን ላይ ምን ይመስላል? በዕለቱም ከድሮንና ከካሜራ የሚመጣው መረጃ ካርታውን እያደሰው ይሄዳል። ትልቁ ጥቅሙ ፖሊሱ፣ ማጌን ዳቪድ አዶም፣ ዒሪያውና አዘጋጁ ሁሉም አንድ ዓይነት ሥዕል እያዩ መነጋገራቸው ነው።

ይህ ጥቅም ተራ የሚመስለው ሜሮንን ለረሳ ሰው ነው። ኤፕሪል 30 ቀን 2021፣ በላግ ባዖሜር ሌሊት፣ በረቢ ሺሞን ባር ዮሐይ መቃብር ዙሪያ 45 ሰዎች በግፊያ ሞቱ፤ ከሞቱት መካከል ልጆችም ነበሩ። ወደ 150 የሚጠጉ ደግሞ ተጎዱ። ቦምብ አልነበረም፣ የተተኮሰ ጥይት አልነበረም። የነበረው ጠባብ፣ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ፣ ወለሉ ብረት የሆነ፣ መጨረሻው ላይ ደረጃ ያለው አንድ መተላለፊያ ነው። ከፊት ያሉት ሲወድቁ ከኋላ ያሉት አያዩም፤ ስለማያዩም መምጣታቸውን አያቆሙም። የመንግሥት ተቆጣጣሪው፣ ሜቫኬር ሃሜዲና የምንለው፣ ስለ ቦታው አደገኛነት በ2008ም በ2011ም ጽፎ አስጠንቅቆ ነበር። በማርች 2024 የወጣው የአጣሪ ኮሚሽኑ የመጨረሻ ሪፖርት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ቤንያሚን ነታንያሁን ጨምሮ ባለሥልጣናትን በግል ተጠያቂ አድርጓል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የቦታው አስተዳደር ነገር ነው። በሜሮን ቦታው ለብዙ አካላት ተከፋፍሎ ነበር። የሃይማኖት ተቋማቱ ድርሻ ነበራቸው፣ መሥሪያ ቤቶቹ ድርሻ ነበራቸው፣ ፖሊስም የራሱ ዕቅድ ነበረው። ሁሉም ከካርታው ቁራሽ ይዟል፤ ሙሉውን የያዘና እንቢ ማለት የሚችል ግን አልነበረም። በዚያ ላይ ነገሩ የሃይማኖት ነው፣ ስሜት ያለበት ነው፣ ማን ይነካዋል ተብሎ ዓመት ዓመትን ወለደ። የእኛም በዓል የሃይማኖት ነው፣ ስሜት ያለበት ነው። በ2008 በክኔሴት ሕግ የመንግሥት በዓል ከሆነ ወዲህ የሚመጣውም ሰው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ትምህርት ቤቶች ይመጣሉ፣ ወታደሮች ይመጣሉ፣ ባለሥልጣናት ንግግር ሊያደርጉ ይመጣሉ። በዓሉ ማደጉ ደስ ይላል። ያደገ በዓል ግን እንደ ድሮው በ"እግዚአብሔር ያውቃል" ብቻ አይመራም።

ግፊያ ምን እንደሆነ ብዙዎቻችን በትክክል አናውቅም። ሰው ደንግጦ ስለሮጠና ስለተረጋገጠ የሚሞት ይመስለናል። ብዙ ጊዜ እንደዚያ አይደለም፤ ሰው ቆሞ እያለ ይሞታል፤ ደረቱ ከፊትና ከኋላ ስለሚጨመቅ ሳንባው አየር ለመሳብ ቦታ ያጣል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሲቆም መንቀሳቀስ ይቻላል። አምስትን ሲያልፍ ሰውየው የራሱ እግር ጌታ መሆኑ እያከተመ ይሄዳል። ስድስትና ሰባት ሲሆን ሕዝቡ እንደ ውኃ ይሆናል፤ ከአንድ ጫፍ የተነሳ መገፋት በሌላው ጫፍ ያለውን ሰው ከመሬት ያነሳዋል። ከውስጡ ያለ ሰው ይህን አያውቅም፤ የሚያየው የጎረቤቱን ትከሻ ብቻ ነው። ከላይ የሚያይ ካርታ ግን ያውቃል።

የብሪታኒያ የስፖርት ሜዳዎች የደኅንነት መመሪያ በዓለም ዙሪያ ባለሙያዎች የሚጠቅሱት ነው። እንደ መመሪያው በአንድ ሜትር ስፋት በሜዳማ መንገድ ላይ በደቂቃ እስከ 82 ሰው ያልፋል፣ በደረጃ ላይ ደግሞ እስከ 66። እስቲ አብረን እናስላ። ሦስት ሜትር ስፋት ያለው አንድ መውጫ በደቂቃ 246 ሰው ያሳልፋል። አሥር ሺህ ሰው በዚያ በኩል ለመውጣት 41 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ መውጫው ደረጃ ከሆነ ደግሞ ከ50 ደቂቃ በላይ። ይህ ሁሉ ታዲያ ኳስ ሊያይ ለመጣ ጤነኛ ተመልካች ነው። ከጠዋት ጀምራ የጾመች፣ ምርኩዝ የያዘች፣ በአንድ እጇ የልጅ ልጅ፣ በሌላው ጃንጥላ የያዘች አሮጊት በዚያ ስሌት ውስጥ የለችም።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ያው መመሪያ ለቋሚ ተመልካች ቢበዛ በአሥር ካሬ ሜትር 47 ሰው ይላል። ይሁንና ስግድ ስሙም እንደሚለው ስግደት ነው። ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት የሚያስነካ ሰው ስንት ቦታ ይፈልጋል? ቆሞ ከሚያጨበጭብ ሰው ጋር አንድ አይደለም። ቄሶቹ ጸሎቱን ሲያነብቡ ሰው ሁሉ ቆሞ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይሰግዳል፤ ያን ጊዜ ሜዳው በድንገት "ይጠብባል"። በየትኛውም መመሪያ ላይ የዚህን ቁጥር አላየሁም። ጃንጥላውም እንደዚያው። ከላይ የምትበር ድሮን ራስ ልትቆጥር ብትሞክር የምታገኘው የቄሶቹን ባለ ጥልፍ ጃንጥላና የሕዝቡን ጃንጥላ ነው። ከሥሩ ሁለት ሰው ይኑር ወይስ አራት፣ በምን ታውቃለች? ይህን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል።

ስለ መቆጠር ካነሳሁ አይቀር፣ ሽማግሌዎቻችን ሰው መቆጠሩን እንደማይወዱ ታውቃላችሁ። ምክንያት አላቸው። በኦሪት ዘጸአት እስራኤል ሲቆጠሩ መቅሠፍት እንዳይመጣባቸው እያንዳንዱ ግማሽ ሰቅል እንዲሰጥ ታዘዘ፤ ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን በቆጠረ ጊዜ ደግሞ ቸነፈር ወረደ። ለእናቴ ትውልድ ጉዳዩ የመጽሐፍ ብቻም አይደለም። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን 36 ሰዓት ገደማ በሆነ ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲወጣ፣ ቤተሰብ እንዳይለያይ ተብሎ በብዙዎች ግንባር ላይ ቁጥር ያለበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር። እናቴ ያን ጊዜ ልጅ ነበረች፤ ቁጥሩን ዛሬም አትረሳውም። ከቁጥሩ ጋር እንደ ዕቃ የመታየት ስሜት አብሮ አለ፤ ከቁጥሩ ጋር ደግሞ ማንም ሳይጠፋ መድረስም አለ። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ለሽማግሌዎቹ የምላቸው፣ ጥሩ የደኅንነት ካርታ ሰውን አይቆጥርም፤ መሬቱን ነው የሚቆጥረው። ይህ ካሬ ሜትር ሞልቷል፣ ያኛው ገና ነው ይላል። ከግማሽ ሰቅሉ ብዙም የራቀ አይመስለኝም።

ካርታ ብቻውን ምንም እንደማያድን በሴኡል ታይቷል። ኦክቶበር 29 ቀን 2022 ኢቴዎን በሚባለው ሰፈር፣ ስፋቱ አራት ሜትር እንኳ በማይሞላ አንድ ተዳፋት መተላለፊያ ውስጥ በደረሰ ግፊያ የ159 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። የመጀመሪያው ስልክ ለፖሊስ የተደወለው አደጋው ከመድረሱ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ቀድሞ ነው፤ እስከ አደጋው ድረስ የተደወሉት 11 ናቸው። እነዚያን 11 ጥሪዎች አንድ ሰው በካርታ ላይ በነጥብ ቢያስቀምጣቸው ከአንድ ሰፈር እየተደራረቡ መምጣታቸው በዓይን ይታይ ነበር። ከዚያ በኋላ ከተማዋ በአንድ ካሬ ሜትር ያለውን ሰው የሚገምቱ ካሜራዎችን አስገብታለች። መልካም ነው። ግን ስልኩን ያነሳው ሰው የደዋዩን ቃል ቢያምን ኖሮ ካሜራው ባላስፈለገ። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፦ የሚደውለው ሰው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ቢናገርስ? ስልኩን ማን ያነሳለታል?

ከእናቴ አገር ከጎንደርም የምጠቅሰው አለ። ጥምቀት በዩኔስኮ በተመዘገበ ማግስት፣ በጃንዋሪ 2020፣ በፋሲል መዋኛ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ አሥር ሰው ሞቷል። በዓሉ አደገ፣ እንግዳው በዛ፣ እንጨቱ ግን ያው እንጨት ነበር። ካርታው ላይ "የተመልካች መቀመጫ" ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ካልተጻፈበት ሥዕል ነው።

እንዲህ ሳወራ የሚቆጡ ጓደኞች አሉኝ። "እኛን ካርታ ላይ የሚያስገቡን ሊጠብቁን ሳይሆን ሊከታተሉን ነው" ይላሉ። ይህን ንግግር በቀላሉ የሚያጣጥል ሰው በዚህ አገር የኖረ አይመስለኝም። ሜይ 3 ቀን 2015 በራቢን አደባባይ ሰልፉ የተበተነው በፈረስ፣ በውኃ መርጫና በድምፅ ቦምብ ነው። በ2016 የያኔው የፖሊስ ዋና አዛዥ ሮኒ አልሼክ ፖሊስ በኢትዮጵያውያን ላይ ከሌላው የበለጠ መጠራጠሩ ተፈጥሯዊ እንደሆነ በአደባባይ ተናግሯል። በዚያው ዓመት የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርት በማኅበረሰባችን ላይ ያለውን ዘረኝነት በመንግሥት ወረቀት ላይ አስፍሮታል። በ2019 ቂርያት ሃይም ውስጥ አንድ ወጣታችን ከሥራ ሰዓት ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ከተገደለ በኋላ መንገዶች ሲዘጉ እኔም ከተቀመጡት መካከል ነበርኩ። አንድ ሶፍትዌር የስግድን ሜዳም የሰልፍን አደባባይም በእኩል ቅልጥፍና ይሥላል። ቀለሙን የሚመርጠው ሰው ነው።

በሙያችን ታሪክ ውስጥ ይህ ሁለት ገጽታ ከጥንት ጀምሮ አለ። በ1895 በቺካጎ የሃል ሃውስ ሴቶች፣ ከእነሱም ፍሎረንስ ኬሊ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ የስደተኞቹን ሰፈር በካርታ አሳተሙ፤ ማን ከየት እንደመጣ፣ በሳምንት ስንት እንደሚያገኝ በቀለም ተለይቶ ይታይ ነበር። ዓላማቸው ድህነቱን ለማሳየትና ሕግ ለማስለወጥ ነው። አርባ ዓመት ገደማ ቆይቶ በዚያው አገር ሌሎች ሰዎች የጥቁሮችን ሰፈር በካርታ ላይ ቀይ ቀብተው የቤት ብድር አስከለከሉ። ሁለቱም ካርታዎች ውብ ናቸው። ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ቢያሳዩን ምን ያህል ይጠቅመን ነበር እላለሁ።

ታዲያ የሚጠብቀውን ካርታ ከሚከታተለው በምን እንለየዋለን? እኔ ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛው፣ ለደኅንነት የሚሠራ ካርታ ስም አይፈልግም፣ ፊትም አይፈልግም። የትኛው በር እንደተጨናነቀ ለማወቅ እዚያ የቆመው ማን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግም። ስለዚህ ፊት የሚለይ ካሜራ እንዳይኖር፣ በዕለቱ የተሰበሰበው መረጃም ከበዓሉ በኋላ እንዲጠፋ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ መልሱ ራሱ ብዙ ይነግራችኋል። ሁለተኛው፣ አጥሩን ተመልከቱት። በአጥሩ ላይ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ካለበት ሕዝቡን ለማዳን ታስቦበታል። መግቢያው ላይ አሥር ፖሊስ ቆሞ መውጫው ላይ ማንም ከሌለ ግን ያን አጥር የሠራው ሰው የፈራው ለእኛ ሳይሆን እኛን ነው።

የጸጥታ ኃይሉ ራሱ አደጋ ሲሆን ምን እንደሚመጣ በቢሾፍቱ ታይቷል። ኦክቶበር 2 ቀን 2016 በሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል ላይ ተቃውሞ ሲነሳ አስለቃሽ ጋዝ ተተኮሰ፤ የተኩስ ድምፅም ተሰማ። ሰው ሲሸሽ የሚሸሽበት ጎን ጉድጓድ ነበረበት። መንግሥት ከ50 በላይ ሰው መሞቱን አመነ፤ ሌሎች ከዚያ እጅግ ይበልጣል አሉ። ጉድጓዱ በማንም ካርታ ላይ ከነበረ፣ ጋዙን እንዲተኩስ ያዘዘው ሰው አላየውም፤ ወይም አይቶ ግድ አልሰጠውም።

ስለዚህ ለሚቆጡት ጓደኞቼ መልሴ፣ ራቅ ብለን መቆማችን ካርታውን አያስቀረውም፤ ያለ እኛ እንዲሠራ ብቻ ያደርገዋል ነው።

ከኦክቶበር 7 ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ ከግፊያም አልፏል። በኖቫ ፌስቲቫል ከ300 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ብዙ ሕዝብ አንድ ቦታ መሰብሰቡን የሚያውቀው አንድ ቢሮ ብቻ መሆን እንደሌለበት ከዚያ ወዲህ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ፒኩድ ሃዖሬፍ አገሩን በቀጠና ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ መጠለያ የመግቢያ ጊዜ ሰጥቷል፤ ከጋዛ ለሚተኮስ ሮኬት ለኢየሩሳሌም የተሰጣት 90 ሴኮንድ ነው። በአርሞን ሃናጺቭ ታዬሌት ላይ፣ አሮጌውን ከተማ እያየ የቆመ ሰው፣ 90 ሴኮንድ ውስጥ የት ይደርሳል? እኔ ብሮጥ ራቅ ያለ ቦታ እደርሳለሁ። አያቴን በ90 ሴኮንድ ከወንበሯ አንስቼ ነጠላዋን ብታስተካክል ራሱ ጥሩ ነው። ካርታ ላይ ክብ ሲሣል መሀሉ ላይ የሚቆመው ሰው ዕድሜው ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሃያ ዓመት ወታደር ክብ ሰፊ ነው፤ የሰማንያ ዓመት ሰው ክብ ከወንበሩ ብዙም አያልፍም። መልሱ "ሽማግሌዎች ቤት ይቅሩ" ከሆነ ስግድ አይደለም። መልሱ የሽማግሌዎቹ ወንበር ለመከለያ ቅርብ በሆነ ቦታ እንዲደረደር ነው፤ ያ ደግሞ የሚወሰነው ድንኳኑ ሳይተከል በፊት ነው።

ከዕለቱ ሰዓቶች ሁለቱ ይለዩብኛል። አንደኛው ከጾሙ ፍጻሜ በፊት ያለው ሰዓት ነው፤ ስኳር ያለባቸው፣ የደም ግፊት ያለባቸው፣ መድኃኒታቸውን ሳይውጡ የመጡ ሰዎች ራሳቸውን የሚስቱት ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት አምቡላንሱ ከመድረኩ ጀርባ ቢቆም ጥቅሙ ለተናጋሪው ነው። ሁለተኛው ጾሙ ሲፈታ ነው፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ከበሮው ይመታል፣ ወጣቱ ወደ ጭፈራው፣ ትልልቆቹ ወደ አውቶቡሱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ሰው ሲመጣ በየሰዓቱ ተበታትኖ ይመጣል፤ ሲሄድ ግን አብሮ ይሄዳል። የባለሥልጣኑ መኪናም በዚያው መንገድ ከወጣ ለእሱ ተብሎ የሚዘጋው መንገድ የእኛ መውጫ እንዳይሆን ቀድሞ መታየት አለበት።

ሌላው የጽሑፍ ነገር ነው። ምልክቱን በአማርኛ ጻፉልን ብለን ስንከራከር ኖረናል፣ ትክክልም ነው። ግን ከአያቶቻችን ብዙዎቹ ዕብራይስጡንም አማርኛውንም አያነቡም። ለእነሱ ካርታ ማለት ቀለም ነው። ከቂርያት ማላኺ የመጣው አውቶቡስ ቢጫ፣ ከነታንያ የመጣው አረንጓዴ፣ ከዓፉላ የመጣው ቀይ ሊሆን ይችላል፤ በመስኮቱ ላይ ያለው ጨርቅ በእጃቸው ላይ ካሰሩት ጨርቅ ጋር አንድ ይሁን። ግንባር ላይ የሚለጠፍ ቁጥር አይደለም፣ በእጅ የሚታሰር ጥለት ነው። በድምፅ ማጉያ የሚተላለፈውም መልእክት እንዲሁ። "እባካችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ" የሚለውን አንድ የማይታወቅ ወጣት በዕብራይስጥ ቢጮኸው ማን ይሰማል? አንድ ቄስ በአማርኛና በትግርኛ ቢሉት ግን ሕዝቡ በአንድ እግር ይዞራል። ቄሶቹ የት እንደሚቆሙ በካርታው ላይ አለ፤ በግፊያ ጊዜ ማይክሮፎኑ እጃቸው ላይ መድረሱ ግን በዕቅዱ ላይ መጻፍ አለበት።

ይህ ሁሉ እውቀት እኛ ጋ አለ። በሰማንያዎቹ ዓመታት በእግር ወደ ሱዳን የሄዱት ሰዎች፣ ብዙ ሺህ ወገን በመንገድና በካምፕ የቀበሩት፣ ሕዝብ ይዞ መጓዝ ምን እንደሆነ ከማንም ኮርስ በላይ ያውቃሉ። ማን ፊት እንደሚሄድ፣ ማን ኋላ እንደሚቀር፣ የደከመው ሰው የት ቦታ ላይ እንደሚታወቅ ጠይቋቸው። አምቦበር ላይ ተራራ ሲወጡ ኦሪቱን ማን ይዞ በየት እንደሚወጣ ሥርዓት ነበረው፤ መንገዱ የታወቀ ነበር፣ የሽማግሌው ቦታ የታወቀ ነበር። ያ ሥርዓት ወረቀት ላይ ያልወጣ ዕቅድ ነው።

ለማኅበራችን ኮሚቴ የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ለዘንድሮው ስግድ ደብዳቤው ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ሳይሆን አሁን ይጻፍ፤ ለአዘጋጆቹ፣ ለዒሪያውና ለፖሊሱ፤ ፈቃዱ ከመጽደቁ በፊት የቦታውን ካርታ አብረን እንድንመለከት ይጠየቅ። ከእኛ መካከል የጂኦግራፊ ተማሪዎች አሉ፣ ነርሶች አሉ፣ የምህንድስና ተማሪዎች አሉ፤ እኔም ከክፍሌ ሦስት ሰው ይዤ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን ማንንም ፈቃድ ሳንጠይቅ ማድረግ የምንችለው አንድ ነገር አለ። አንድ ጠዋት ታዬሌቱን ከትልልቆቻችን ጋር እንሂድበት። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ቄሶቹ ቦታ ስንት ደቂቃ ፈጀባቸው፣ የት ላይ ቆመው አረፉ፣ የት ላይ እጅ ፈለጉ፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ "ከዚህ ወዴት ነው?" አሉ? እየጻፍን በስልካችን ካርታ ላይ ነጥብ እናድርግ። ሜትር፣ ውኃና ቀስ ብሎ ለመሄድ ትዕግሥት ይበቃናል። አያቴን ጠይቄያታለሁ፤ ሰኞና ሐሙስ ሐኪም ቤት ስላለባት በሌላ ቀን ይሁን ብላለች።